አሸዋው ከየትኛው ተራራ ወረደ?

የአሸዋ ናሙና በጆንያ ይዘው ወደ ቤተ ሙከራችን የሚመጡ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁኝ «ጥቁሩ ይሻላል ነጩ?» ብለው ነው። እኔ ደግሞ መልሼ የምጠይቃቸው ከወንዙ በላይ ምን ዓይነት አለት እንዳለ ነው። ቀለሙ ስለ ጥራቱ የሚናገረው ጥቂት ነው፤ ስለ ትውልዱ ግን ብዙ ይናገራል። ወንዝ አሸዋን ያመላልሳል እንጂ ከምን እንደሚሠራ አይወስንም። ያንን የሚወስኑት አለቱና አለቱን የሚያበሰብሱት ዝናብ፣ ሙቀትና ጊዜ ናቸው።

ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የተጓዘ ሰው አለቶቹን በተርታ ያገኛቸዋል። የዓባይ በረሃ አናቱ ባዛልት ነው፤ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ ቅልጥ አለት። ከሥሩ የኖራ ድንጋይ፣ ቀጥሎ ጂፕሰምና ሸክላማ አለት፣ ወንዙ ዘንድ ሲደረስ ደግሞ የአሸዋ ድንጋይ አለ። ባዛልቱን ብቻ እያጠበ የሚወርድ ጅረት የሚያመጣው አሸዋ ጥቁር ነው፤ ኳርትዝ አይገኝበትም፣ ባዛልቱ ራሱ የለውምና። የአሸዋ ድንጋዩን የሚቆርጠው ጅረት ግን ፈካ ያለ፣ ኳርትዝ የበዛበት አሸዋ ይሰጣል። ይህ ኳርትዝ አንድ ጊዜ ከጥንት ተራራ ፈርሶ፣ ተጉዞ፣ አለት ሆኖ እንደገና የፈረሰ ነው። ደካማዎቹ ማዕድናት በመጀመሪያው ዙር አልቀዋል።

የትኛው ማዕድን ቀድሞ እንደሚበሰብስ ሳሙኤል ጎልዲች የተባለ አሜሪካዊ ጂኦሎጂስት በ1938 (እ.ኤ.አ.) በቅደም ተከተል አስቀምጦታል። በከፍተኛ ሙቀት ከቅልጡ ቀድመው የሚረጉት ኦሊቪንና ፓይሮክሲን ገጸ ምድር ላይ ቀድመው ይጠፋሉ፤ ፌልድስፓር ይከተላል፤ ኳርትዝ መጨረሻ ይቀራል። ባዛልት በአብዛኛው ቶሎ ከሚጠፉት ማዕድናት የተሠራ ስለሆነ ዝናብ በጠገበ ሜዳ ላይ ሲቆይ አሸዋ ሳይሆን ቀይ አፈርና ዋልካ ይሆናል። ገደል ባለበት ግን አለቱ ሳይበሰብስ እየተሰበረ ይወርድና ጥቁር አሸዋ ሆኖ ወንዝ ይገባል። አለቱ አንድ፣ ዝናቡም አንድ ሆኖ ተዳፋቱ ብቻ ልዩነት ያመጣል።

በዚህ ሙያ እጅግ የሚደንቀኝ ነገር የአሸዋን ማዕድናት ከጉዞ ይልቅ መቀመጥ የሚያጠፋቸው መሆኑ ነው። ነጭ ዓባይ ጭነቱን ሱድ በሚባለው የደቡብ ሱዳን ረግረግ ይጥለዋል፤ ስለዚህ ናይል ወደ ግብፅ ሲያወርደው የኖረው ደለልና አሸዋ በአብዛኛው በዓባይና በተከዜ በኩል የሄደ ነው። በዚያ አሸዋ ውስጥ ዛሬም ከእኛ ደጋ ባዛልት የወጣ ፓይሮክሲን በማይክሮስኮፕ ይታያል። ደጋው ላይ እርጥብ አፈር ውስጥ ቢቆይ ኖሮ ሸክላ ይሆን የነበረው ማዕድን በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በረሃ አቋርጦ ደርሷል። በተቃራኒው ደቡብ አሜሪካ የሚገኙት ከጉያና ደጋ የሚነሡ የኦሪኖኮ ገባሮች የሚያጥቡት ግራናይትና መሰል አለት ነው፤ ግራናይት ደግሞ ከግማሽ በላይ ፌልድስፓር ነው። በዚያ ለጥ ባለና ዝናባም መሬት ፌልድስፓሩ ቆሞ ስለሚበሰብስ አሸዋቸው ኳርትዝ ብቻ ነው ለማለት ይቻላል።

ይህ ሁሉ ለቤት ሠሪው ምን ያደርግለታል? ስምጥ ሸለቆን እንመልከት። እዚያ የሚፈርሱት አለቶች ብዙዎቹ ከፈነዳ እሳተ ገሞራ የወጡ ስለሆኑ አሸዋው ውስጥ ፐሚስ፣ ባልጩትና የእሳተ ገሞራ ብርጭቆ ይገባሉ። ፐሚሱ ቀላልና ውሃ መጣጭ በመሆኑ የኮንክሪቱን ልክ ያዛባል። ብርጭቆው የባሰ ነው፤ ክሪስታል ለመሥራት ጊዜ ሳያገኝ የቀዘቀዘ ሲሊካ ስለሆነ ከሲሚንቶው አልካሊ ጋር ይዋሐዳል፣ ውሃ እየሳበ ያብጣል፣ ኮንክሪቱን ከዓመታት በኋላ ይሰነጥቀዋል። ቶማስ ስታንተን ይህንን በካሊፎርኒያ መንገዶችና ድልድዮች ላይ አይቶ በ1940 (እ.ኤ.አ.) አሳትሞታል። ፖዞላና ያለበት ሲሚንቶ አደጋውን ሊቀንሰው ይችላል፤ ነገር ግን ችግሩ መኖሩ አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

በየሳይቱ አሸዋን በጠርሙስ ውሃ በጥብጦ ጭቃውን መለካት የተለመደ ነው፤ መልካም ልማድ ነው። ብርጭቆን ግን አያሳይም። እሱን የሚለየው ሁለት የፖላራይዝድ ብርሃን ማጣሪያዎች ያሉት ማይክሮስኮፕ ነው፤ ማጣሪያዎቹ ሲሻገሩ ብርጭቆው ጨለማ ሆኖ ይቀራል፣ አብዛኞቹ ማዕድናት ግን ሲዞሩ ይበራሉ፣ ይጠፋሉ።

መሐንዲሶችና ኮንትራክተሮች ሆይ፣ በውላችሁ ላይ «የወንዝ አሸዋ» ብቻ ብላችሁ አታልፉ። የወንዙን ስምና የሚቆፈርበትን ቦታ ጻፉ፤ የመጀመሪያው ቢያጆ ሳይራገፍ ጥቂት እፍኝ ለጂኦሎጂስት አሳዩ። ክረምት ካለፈ በኋላም ድገሙት፤ ጎርፉ ያመጣው አሸዋ ከሌላ ገባር የወረደ ሊሆን ይችላል።