ሳንግሪያ በገፈርሳ ከፍታ፦ በአንድ ጆግ ውስጥ ያለ ፊዚክስ

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ የሚወስደው መንገድ ቡራዩን ተሻግሮ በገፈርሳ ግድብ አጠገብ ያልፋል። በዚያው አቅጣጫ ብንቀጥል በማዕድን ውሃዋ የታወቀችውን አምቦን፣ ቀጥሎም ለቀይ የወይን ጠጅ ስሟን ያዋሰችውን ጉደርን እናገኛለን። ቀይ ወይን፣ አምቦ ውሃ፣ ብርቱካን፣ ሎሚና ኮክ በአንድ ጆግ ቢገናኙ ስፔናውያን ሳንግሪያ የሚሉት ዓይነት መጠጥ ይሆናል። ስሙ በቀለሙ ምክንያት «ደም» ከሚለው የስፓኝ ቃል የመጣ ነው።

ፍሬው ለምን ያድራል?

የተከተፈ ፍሬ ወይን ውስጥ ሲገባ የአልኮል ሞለኪውሎች ከበዙበት ወደ አነሱበት፣ ማለትም ወደ ፍሬው ይጓዛሉ፤ የፍሬው መዓዛና ስኳርም ወደ ወይኑ ይወጣል። ይህ ዲፊዩዥን ይባላል። የሚፈጀው ጊዜ ከርቀቱ ካሬ ጋር ስለሚያድግ፣ የቁራጩን ውፍረት በግማሽ ብንቀንሰው ጊዜው ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። አልኮሉ ፍሬው ውስጥ 5 ሚሊ ሜትር ለመዝለቅ ሰዓታት ይፈጅበታል፤ ጆጉን ማሳደር የተለመደውም ስለዚህ ነው።

አረፋው

ገፈርሳ ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። በዚያ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ በአምቦ ውሃ ውስጥ የሟሟው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ክዳኑ ሲከፈት ይበልጥ ፈጥኖ ይወጣል፤ ውሃው መጨረሻ ላይ ሊጨመር ይገባል።

ያልቀነሰው ነገር

ወደ ዋናው ቁም ነገር እንምጣ። 12 በመቶ አልኮል ያለው የ750 ሚሊ ሊትር ወይን 90 ሚሊ ሊትር፣ በክብደት 71 ግራም ገደማ ንጹሕ አልኮል ይዟል። እኩል መጠን ውሃ ብንጨምርበት መጠጡ 6 በመቶ ይሆናል፤ ጆጉ ውስጥ ያለው አልኮል ግን ያው 71 ግራም ነው። የቀነሰው ንጥረቱ እንጂ መጠኑ አይደለም። ጣፋጩ ምላስን ያታልላል፤ ጉበት ግን የሚቆጥረው ግራሙን ነው። ፍሬውን «ፍሬ ብቻ ነው» ብሎ ለሕፃን መስጠትም አልኮል መስጠት ነው።

በአገራችን በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት 21 ዓመት ላልሞላው ሰው የአልኮል መጠጥ መሸጥ የተከለከለ ነው። ዲፊዩዥንን ለመመልከት ደግሞ ወይን አያስፈልግም፤ የሎሚ ቁራጭ በቀለም ውሃ ውስጥ አሳድረን ጠዋት ብንቆርጠው፣ ቀለሙ ምን ያህል እንደዘለቀ በማስመሪያ ልንለካው እንችላለን።