ፊቱን ያዞረው ልጅና ሠዓሊው

እግሩ ባዶ ነው። ልብሱ የተጣጣፈ ነው፤ ጸጉሩ እንደ ጃርት እሾህ ቆሟል። እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ለአንባቢው ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል። ስሙ ሐንዳላ ነው። ፍልስጤማዊው የጋዜጣ ካርቱኒስት ናጂ አል-አሊ በየሥዕሉ ጥግ ያቆመው የአሥር ዓመት ልጅ ነው። እሱ በፊቱ የሚፈጸመውን ሁሉ ያያል፤ እኛ ግን የእሱን ፊት አናይም።

ናጂ የተወለደው በ1930ዎቹ መጨረሻ (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በገሊላ፣ በናዝሬትና በጥብርያዶስ መካከል በነበረችው አል-ሸጀራ መንደር ነው። በ1948ቱ የዐረብና የእስራኤል ጦርነት ቤተሰቡ ወደ ሊባኖስ ሲሰደድ ዕድሜው አሥር ዓመት ገደማ ነበር። ያደገው ሲዶና አጠገብ፣ በአይን አል-ሂልዌ የስደተኞች መጠለያ ነው። በወጣትነቱ ፖለቲካ ውስጥ ገብቶ በተደጋጋሚ ሲታሰር የእስር ቤቱን ግድግዳ ሰሌዳው አደረገው። ደራሲው ገሳን ከነፋኒ ወደ መጠለያው በመጣ ጊዜ ሥዕሎቹን አይቶ ወደዳቸው፤ በ1961 አል-ሁሪያ በተባለው መጽሔት ላይ አወጣለት። ሙያው በዚህ ተጀመረ።

በ1963 ወደ ኩዌት ሄደ። ሐንዳላም የተፈጠረው እዚያው፣ በ1969 አል-ሲያሳ ጋዜጣ ላይ ነው። ናጂ ራሱ እንደተናገረው ልጁን የሳለው ጠባቂ እንዲሆነው ነበር፤ ኑሮ ሲደላው መጠለያውንና ድሆቹን እንዳይረሳ። ከ1973ቱ የዐረብና የእስራኤል ጦርነት በኋላ ልጁ ፊቱን አዞረ። ከውጭ ተረቅቆ የሚመጣን መፍትሔ አልቀበልም ማለቱ ነበር። አገሩ እስኪገባ ድረስ ዕድሜውም ከአሥር ፈቅ አይልም።

ናጂ ቀለም አያበዛም፤ ጥቁር ቀለምና ነጭ ወረቀት ይበቃዋል። ብዙዎቹ ካርቱኖቹ አንድም ቃል የላቸውም። ጥቅመኛ መሪዎችንና ባለጸጎችን አንገት የሌላቸው፣ እግር አልባ፣ መሬት ለመሬት የሚሳቡ ድብልብል ሰዎች አድርጎ ይስላቸዋል። ድሃው ሰውዬ ግን ከስቶም ቢሆን በሁለት እግሩ ይቆማል። ማን ማን እንደሆነ ለመለየት ማንበብ መቻል አያስፈልግም፤ የሥዕሉ ትልቁ ኃይልም ይህ ይመስለኛል።

እስራኤልንና አሜሪካን መተቸት በዐረብ ጋዜጣ ላይ ያን ያህል ድፍረት አይጠይቅም ነበር። ናጂ ግን የዐረብ ገዢዎችንም፣ የራሱን ሕዝብ የነጻነት ድርጅት መሪዎችንም አልማረም። ያኔ የማንም ቡድን አባል ስላልነበረ ከጎኑ የሚቆምለት ኃያል አልነበረውም። የአንድ ካርቱኒስት ሐቀኝነት የሚለካው በጠላቱ ላይ በሚስለው ሳይሆን በወገኑ ላይ ለመሳል በሚደፍረው ነው ብዬ አምናለሁ፤ በዚህ ሚዛን ናጂን የሚስተካከሉት ጥቂቶች ናቸው።

በ1974 ወደ ቤይሩት ተመልሶ አስ-ሰፊር ጋዜጣ ላይ ሠራ። በ1982 እስራኤል ሊባኖስን ስትወርር እዚያው አገር ውስጥ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ኩዌት ሄዶ ለአል-ቀበስ ይስል ጀመር፤ በ1985 ከዚያም እንዲወጣ ተገደደና የጋዜጣው የለንደን ቢሮ ውስጥ ሥራውን ቀጠለ። የሞት ዛቻው ግን አልተቋረጠም፤ እሱም ብዕሩን አላለዘበም።

ጁላይ 22 ቀን 1987፣ ለንደን ውስጥ አይቭስ ጎዳና ከሚገኘው ቢሮው ደጃፍ ላይ በጥይት ተመታ። ከአምስት ሳምንት በላይ ራሱን እንደሳተ ቆይቶ ኦገስት 29 ቀን አረፈ። ምኞቱ አይን አል-ሂልዌ ከአባቱ ጎን መቀበር ነበር፤ የተቀበረው ግን ከለንደን ወጣ ብሎ ባለው የብሩክዉድ መካነ መቃብር ነው። በ1988 የዓለም አቀፉ የጋዜጣ አሳታሚዎች ፌዴሬሽን «ወርቃማው የነጻነት ብዕር» የተሰኘውን ሽልማቱን ለመታሰቢያው ሰጠ።

የብሪታንያ ፖሊስ በ2017 ምርመራውን እንደገና ከፍቶ ምስክሮች ካሉ እንዲቀርቡ ጠይቋል። በግድያው የተፈረደበት ሰው የለም።