ሁለት ዲስክ አለኝ ብለው አይዘናጉ

የሱቃቸውን ሒሳብ ወይም የታክሲያቸውን ገቢና ወጪ በኮምፒዩተር የሚይዙ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። ጠንቃቆቹ በአንዱ ላይ የተጻፈው በሌላው ላይም እኩል የሚጻፍባቸው ሁለት ዲስኮች ያስገጥማሉ። ይህ ዘዴ «ሬይድ 1» ይባላል። አንዱ ቢበላሽ በሌላው ሥራው ይቀጥላል።

ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንዱ ዲስክ ቋ ቋ ማለት ሲጀምር ብዙዎች ተቻኩለው አዲስ ይተካሉ። አዲሱን ለመሙላት ግን ማሽኑ የቀረውን ዲስክ ከዳር እስከ ዳር ያነባል፤ እሱም በዕድሜ እኩያው ከሆነ መሐል ላይ ሊከዳ ይችላል። ከሁሉ የከፋው ባዶውን ዲስክ በሙሉው ላይ መገልበጥ ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያ መዝገብዎን ከጤነኛው ዲስክ ወደ ሌላ የውጭ ዲስክ ይገልብጡ፤ መከፈቱንም ያረጋግጡ። ከዚያ የተበላሸውን በሲሪያል ቁጥሩ ለይተው ያውጡ። ተተኪው በመጠን ከእሱ ማነስ የለበትም። ሁለቱም ከታመሙ ማሽኑን አጥፍተው ለባለሙያ ይስጡ።

በስሕተት የተሰረዘ ፋይል ከሁለቱም ይጠፋልና የውጭ ግልባጭ ሁልጊዜ ይኑርዎት። የአሜሪካ ግብር መሥሪያ ቤት አይ.አር.ኤስ. የሠራተኛ ደመወዝ ግብር መዝገብ ቢያንስ ለ4 ዓመት እንዲቀመጥ ይጠይቃል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።