የሱፍ አበባ ቀመር በ«ላተራለስ» አልበም ውስጥ

የደረሰ የፈረንጅ ሱፍ አበባን ራስ ቀረብ ብሎ የተመለከተ ሰው ፍሬዎቹ በዘፈቀደ እንዳልተደረደሩ ያስተውላል። ከመሐል ተነሥተው ወደ ዳር የሚጠመዘዙ መስመሮች በቀኝም በግራም ይታያሉ፤ ሲቆጠሩም ብዙ ጊዜ በአንዱ አቅጣጫ 34፣ በሌላው 55 ይሆናሉ። እነዚህ ቁጥሮች የሚገኙበት ተርታ አንድ የአሜሪካ ሄቪ ሜታል ዘፈን የተዋቀረበትም ነው።

ዘፈኑ «ላተራለስ» ይባላል። የሎስ አንጀለሱ «ቱል» ባንድ ግንቦት 7 ቀን 1993 ዓ.ም ያወጣው አልበም መጠሪያም ይኸው ነው። አልበሙ 79 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ባንዱ ከአሳታሚው ጋር በገባበት የሕግ ክርክር ሳቢያ አድማጮች አምስት ዓመት ጠብቀውታል፤ በወጣበት ሳምንት ግን ከ555 ሺህ ቅጂ በላይ ተሽጦ የቢልቦርድ ሰንጠረዥን መርቷል። በውስጡ ያለው «ስኪዝም» የተሰኘ ዘፈንም እ.ኤ.አ. በ2002 የግራሚ ሽልማት አግኝቷል።

በተርታው እያንዳንዱ ቁጥር የቀደሙት ሁለቱ ድምር ነው፦ 1፣ 1፣ 2፣ 3፣ 5፣ 8፣ 13 እያለ ይቀጥላል። ድምፃዊው ሜይናርድ ጄምስ ኪናን የመጀመሪያዎቹን ስንኞች በአንድ፣ በአንድ፣ በሁለት፣ በሦስት፣ በአምስት፣ በስምንት ቀለም ካዜመ በኋላ ወደ አምስትና ወደ ሦስት ይመለሳል፤ ቆይቶ እስከ 13 ይደርሳል። የአዝማቹ ምት ደግሞ 9፣ 8፣ 7 እያለ ይፈራረቃል። 987 ራሱ በተርታው ውስጥ መገኘቱ ያስገርማል።

ተርታው የሚጠራው እ.ኤ.አ. በ1202 ስለ ጥንቸሎች መራባት በጻፈው ጣሊያናዊ በፊቦናቺ ስም ነው። ይሁንና እንደ ሄማቻንድራ ያሉ የሕንድ ሊቃውንት ከእርሱ ቀድመው የደረሱበት የግጥም አጫጭርና ረጃጅም ቀለማትን ሲያሰሉ ነበር። ስለዚህ ቁጥሩ በዘፈን ግጥም ውስጥ መገኘቱ ወደ ቀድሞ ቤቱ እንደ መመለስ ይቆጠራል። ቀለም መቁጠር ለአማርኛ ገጣሚም እንግዳ አይደለም፤ ወል ቤት ግን በስድስት ስድስት ቀለም ሲጸና ይህ ዘፈን እየሰፋና እየጠበበ ይሄዳል።

አበባው በእርግጥ ሒሳብ አያውቅም። እያንዳንዱ አዲስ ፍሬ ከቀደመው 137.5 ዲግሪ ገደማ ዞሮ ስለሚወጣ አንዱ በሌላው ላይ አይደረብም፤ ባዶ ቦታም አይተርፍም። በዚህ ሳቢያ ተርታውን በሁሉም ፍጥረት ውስጥ አየን የሚሉ አሉ፤ ያ ግነት ነው። በዘፈኑ ውስጥ ግን ሆን ተብሎ የገባ ስለሆነ ማንም ቆጥሮ ሊያረጋግጠው ይችላል።

የጊታሩ ድምፅ ላልለመደ ጆሮ መጀመሪያ ጩኸት ብቻ ይመስላል። በሁለተኛው ማድመጥ ጣትን እያጠፉ ቀለማቱን መቁጠር ይረዳል። ኪናን ዛሬም ከዘፈኑ ጎን ለጎን በአሪዞና ግዛት ወይን ያለማል፤ ከምርቱም ወይን ጠጅ ይጠምቃል።