ክፍሉና የመምህሩ ድምፅ

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ፊደል ሳይሆን ፊደሉ ስለሚጠራበት ክፍል ነው።

መምህሩ «ቀበረ» ሲል ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት «ከበረ» ብለው ይጽፋሉ። ልዩነቱ አንድ ፊደል ነው፤ መቅበርና መክበር ግን የትና የት! ታዲያ እኚህ እናት ትምህርት አይገባቸውም? ለመፍረድ አትቸኩሉ። አስቀድመን ክፍሉን እንይ።

ድምፅ በአንድ ሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። ደረቅ ነገር ሲመታ እንደ ኳስ ይነጥራል። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ግድግዳው ልስን፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ባዶ ክፍል ድምፁን ወዲያና ወዲህ ያላጋዋል። የፊተኛው ቃል ሳይጠፋ የኋለኛው ይደርስበታል። እንደ «ቀ» ያለችው አጭር ድምፅ በዚህ መሀል ትዋጣለች። መምህሩ ቢጮህ ጩኸቱም አብሮ ይነጥራል፤ ትርፉ ጉሮሮ ማድከም ነው።

ታዲያ ምን ይረዳል? ለስላሳ ነገር። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1895 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ዋላስ ሳቢን የሚባል የፊዚክስ መምህር ይህን ጉዳይ እንዲያጠና ታዘዘ። በአንድ አዳራሽ ውስጥ ድምፅ ከ5 ሰከንድ በላይ ያስተጋባ ነበር። ሳቢን ከሌላ ቲያትር ቤት የወንበር ትራስ በሌሊት እያስመጣ ደረደረ። ትራሱ በበዛ ቁጥር ማስተጋባቱ እያጠረ ሄዶ ወደ 1 ሰከንድ ገደማ ወረደ።

እኛስ ትራስ ከየት እናመጣለን? የእንጨት አግዳሚ ወንበር ብቻውን ብዙ አይረዳም፤ ደረቅ ነውና ድምፁን መልሶ ይወረውራል። የሰው ገላና ልብስ ግን ድምፅ ይውጣል። ጋቢ የለበሱ ተማሪዎች የሞሉት ክፍል ከባዶው ያነሰ የሚያስተጋባው ለዚህ ነው። ከመምህሩ ትይዩ ባለው የኋላ ግድግዳ ላይ ወፍራም ምንጣፍ ወይም አሮጌ ብርድ ልብስ ስቀሉ፤ ከግድግዳው ጥቂት ፈቀቅ ቢል ይበልጥ ይጠቅማል። ስስ ነጠላ አይበቃም።

የወንበር እግርም የራሱ ጣጣ አለው። ሲሚንቶ ላይ ሲጎተት «ሲጥ» ይልና ግማሹን ዓረፍተ ነገር ይዞ ይሄዳል። ከአሮጌ ጎማ ቁራጭ ቆርጣችሁ እግሩን አልብሱት፤ ሚስማሩ ወለሉን እንዳይፍቅ ከጎን ምቱት። ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ ነው፤ ለምን እንደሚዘገይ አይገባኝም።

አግዳሚዎቹንም ወደ መምህሩ አቅርቡ፤ በግማሽ ክብ ቢደረደሩ ማንም ሩቅ አይቀርም። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲወርድ ግን ብርድ ልብሱም አያድንም። ያን ጊዜ ቃሉን ሰሌዳው ላይ መጻፍ ነው።