ውኃ መውጫ ሲያጣ፤ ስለ ኦቶሞቢል የጣሪያ መስኮት

በሰቆጣና በዋግ ደጋ በጋው አቧራ፥ ክረምቱ ዝናብ ነው። የጣሪያ መስኮት ያለው ኦቶሞቢል በዚህ አገር ሲነዳ የበጋው አቧራ ያደረሰበት ጉዳት የሚታወቀው በሐምሌ ነው። ጣሪያው ያንጠባጥባል፤ ምንጣፉ ይርሳል፤ ባለመኪናውም «ጎማው አርጅቷል» ብሎ ዙሪያውን በሲሊኮን ያስደፍናል። ይህ ብዙ ጊዜ የተሳሳተ መድኃኒት ስለሆነ ምክንያቱን ማወቅ ይበጃል።

የመስኮቱ ጠርዝ ጎማ ውኃን ፈጽሞ እንዲከለክል አልተሠራም። ጥቂት ውኃ አልፎት እንደሚገባ አስቀድሞ ታስቧል። የገባውም ውኃ በመስኮቱ ዙሪያ ባለው አሸንዳ ይጠራቀምና አብዛኛውን ጊዜ በአራቱ ማዕዘን በሚገኙ ቀጫጭን ቱቦዎች ይወርዳል፤ ቱቦዎቹም ጣሪያውን በተሸከሙት ምሰሶዎች ውስጥ አልፈው ከመኪናው ውጭ ያፈሱታል። አቧራና ቅጠል ቱቦውን ከደፈኑት ግን አሸንዳው ሞልቶ ወደ ውስጥ ይፈሳል።

ብልሃቱ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በዋግ ጎረቤት በላስታ፥ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ብዙዎቹ በተቆፈረ ግቢ ውስጥ ከአለት የተፈለፈሉ ናቸው። ጠራቢዎቹ ዝናቡ ወደ ጉድጓዱ እንዳይወርድ መከልከል ስለማይቻላቸው ወለሉን አዘንብለው፥ ቦይ አውጥተው አሰናበቱት።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ።

አንደኛ፤ መስኮቱን ከፍቶ አሸንዳውን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ።

ሁለተኛ፤ በየማዕዘኑ ቀዳዳ ጥቂት ውኃ ቀስ አድርጎ ማፍሰስ። ቱቦው ደኅና ከሆነ ውኃው ወዲያው ከመኪናው በታች ይንጠባጠባል፤ ከቆመ ተደፍኗል።

ሦስተኛ፤ በተደፈነው ቱቦ ለስላሳና ወፍራም የናይለን ክር ቀስ እያሉ ማስገባት። የብረት ሽቦ ቱቦውን ይበሳል፤ የጎሚስታው ኮምፕረሰርም በሙሉ ኃይሉ ከተለቀቀበት ቱቦውን ከመጋጠሚያው ሊነቅለው ይችላል። ያን ጊዜ ውኃው በምሰሶው ውስጥ ስለሚፈስ ጥፋቱ ከፊተኛው ይብሳል።

አራተኛ፤ ውኃውን ደግሞ አፍስሶ መፈተን።

ይህ በግንቦትና በመስከረም ቢደረግ መልካም ነው። ችላ ከተባለ ግን ምንጣፉ ይሻግታል፥ ወለሉ ይዝጋል፥ ከምንጣፉ ሥር ያለው የኤሌክትሪክ መስመርም ይበላሻል፤ ይህም ከባድ ወጪ ነው።

እንግዲህ ለክረምት ዕረፍት ወደ አገሩ የሚሄድ ጓደኛችን፥ ቤተሰቡ ለሲሊኮን ገንዘብ ከማውጣታቸው በፊት አንድ ብርጭቆ ውኃ ያፍስስላቸው።