«ነጻ» የተባለው የፖከር ቤቶች ስጦታ ከማን ኪስ ይወጣል?

በአሜሪካ በላስ ቬጋስ ከተማና በአካባቢዋ ብዙ ኢትዮጵያውያን ምእመናን ይኖራሉ። ከእነርሱም ብዙዎቹ በሆቴሎችና በካዚኖዎች፣ በታክሲና በሌሎች የአገልግሎት ሥራዎች ተሰማርተው ልጆቻቸውን ያሳድጋሉ፤ በሀገር ቤት ያሉ ወላጆቻቸውንም ይጦራሉ። የኔቫዳ ግዛት በ1931 እ.ኤ.አ. ቁማርን በሕግ ከፈቀደች ወዲህ የከተማዪቱ ኑሮ በእጅጉ በዚሁ ሥራ ላይ የቆመ በመሆኑ፣ በዚያ ለሚኖር ሰው ቁማር ቤት ሆን ብሎ የሚሄድበት ሩቅ ስፍራ አይደለም፤ የሥራ ቦታው ጎረቤት ነው።

ስለዚህ ከእነዚህ ወገኖቻችን የሚሰማው ጥያቄ «ቁማር ይፈቀዳልን?» የሚል ብቻ አይደለም። «ፖከር እኮ የችሎታ ጨዋታ ነው፤ ቤቱም ከእኔ ጋር አይጫወትም። ምግብ በነጻ ይሰጡኛል፣ አልፎ አልፎም ሽልማት አለ፤ ታዲያ ጉዳቱ ምኑ ላይ ነው?» የሚልም አለ። ይህን በተግሣጽ ብቻ ማለፍ ተገቢ አይመስለንም፤ ጠያቂው ከተናገረው ግማሹ እውነት ነውና። ሌላውን ግማሽ ለማየት ግን አሠራሩን መመርመር ያስፈልጋል።

በፖከር ተጫዋቾች የሚወዳደሩት እርስ በርሳቸው ነው። ቤቱ ካርታ የሚያድል ሠራተኛ፣ ጠረጴዛና ወንበር ያቀርባል፤ በየዙሩም በጠረጴዛው መካከል ከተሰበሰበው መደብ ድርሻውን ያነሣል። ድርሻው ብዙ ጊዜ እስከ ዐሥር በመቶ ሆኖ በጥቂት ዶላር ይገደባል። ማን አሸነፈ፣ ማን ተሸነፈ የሚለው ቤቱን አያስጨንቀውም፤ የሚያስጨንቀው ወንበሩ ባዶ መሆኑ ብቻ ነው።

ለምሳሌ ያህል ቤቱ በየዙሩ በአማካይ 4 ዶላር ለራሱ፣ 1 ዶላር ደግሞ «ለሽልማት» ብሎ ያነሣል እንበል። በአንድ ጠረጴዛ በሰዓት 30 ያህል ዙር ይጫወታሉ፤ ይህም በሰዓት 150 ዶላር ማለት ነው። ዘጠኝ ተጫዋቾች ቢኖሩ ለእያንዳንዱ በአማካይ ወደ 17 ዶላር ይደርሳል። ስድስት ሰዓት ሲሞላ ዘጠኙ ሰዎች በጋራ ይዘውት ከተቀመጡት ገንዘብ 900 ዶላር ከጠረጴዛው ወጥቷል። በዚያ ሌሊት ማንም አሸናፊ ቢሆን ዘጠኙ በአንድነት ሲቈጠሩ ተሸናፊዎች ናቸው። ችሎታ አለኝ የሚለው ሰው ጎረቤቱን መብለጡ አይበቃውም፤ ይህንንም ወጪ መሸፈን አለበት።

እንግዲህ ስጦታዎቹን በዚህ ሚዛን እንመልከታቸው። ከሁሉ የሚያስደንቀው ብርቱ ካርታ ይዞ ለተሸነፈ ሰው የሚሰጠው ጃክፖት ነው። በብዙ ቤቶች አከፋፈሉ እንዲህ ነው፦ የሽልማቱን ግማሽ የተሸነፈው፣ ሩቡን ያሸነፈው፣ የቀረውን ሩብ ደግሞ በጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጡት ሌሎች ይካፈሉታል። የተሸነፈ ሰው ሲሸለም ማየት ቸርነት ይመስላል፤ ምንም ሳይሠሩ ተቀምጠው የነበሩትም ድርሻ ስላላቸው ሰው ሁሉ «እኔም በዚያ ብገኝ» ይላል። ነገር ግን ገንዘቡ የመጣው ቀደም ብለን ከጠቀስናት የአንድ ዶላር ቅናሽ ነው። በግድግዳው ላይ በደማቅ ብርሃን የሚታየው፣ በየቀኑ የሚያድገው ቁጥር ተጫዋቾቹ ራሳቸው ያዋጡት ነው፤ በአንዳንድ ቤቶች እንዲያውም ከእርሱ ላይ የአስተዳደር ወጪ ይቀነሳል። ዕድሉ በ50,000 ዙር አንድ ጊዜ ብቻ ቢደርስ፣ በአንድ ጠረጴዛ ከ1,600 ሰዓት በላይ መቀመጥን ይጠይቃል። በሀገራችን ዕቁብ የሚጣለው ባለ ዕጣው ተራ በተራ ሊደርሰው ነው። ይህ ግን ሁሉም እየጣለ አብዛኛው የማይደርሰው ዕቁብ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ከገንዘብ ይልቅ ጊዜን ያጠምዳል። በየሰዓቱ ወይም በየግማሽ ሰዓቱ ከሁሉ የበለጠ ካርታ ለያዘ ሰው ጥቂት መቶ ዶላር ይሰጣል። ሊነሣ ያሰበ ሰው ሰዓቱን አይቶ «ዐሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ ቀረው» ብሎ ተመልሶ ይቀመጣል፤ ያም ሲያልፍ ሌላው ግማሽ ሰዓት ይጀምራል። በወር ውስጥ የተወሰነ ሰዓት ለተጫወቱ ብቻ የሚከፈት «ነጻ» ውድድርም አለ፤ ስድሳ ሰዓት የተጫወተ ሰው ሰማንያ ቢሞላ የተሻለ እንደሚያገኝ ይነገረዋል። እነዚህ ሽልማቶች ብዙ ጊዜ የሚደረጉት ወንበር ባዶ በሚሆንባቸው ሰዓታት፣ በሥራ ቀናትና በማለዳ ነው። የሌሊት ፈረቃውን ጨርሶ ደመወዙን በኪሱ ይዞ የሚወጣው ወገናችን ከጥሪው ጋር የሚገናኘውም በዚያው ሰዓት ነው፤ ልጆቹ ለትምህርት ቤት ሲነሡ አባታቸው ገና አልገባም።

ሦስተኛው የአባልነት ካርዱ ነው። ተጫዋቹ ሲቀመጥ ካርዱን ያስመዘግባል፤ በሰዓት አንድ ወይም ሁለት ዶላር የሚያህል የምግብ ነጥብ ይቈጠርለታል። ከላይ ባሰላነው መሠረት 17 ዶላር ከፍሎ ሁለት ዶላር ይመለስለታል ማለት ነው። (ኩፖኑ ረቡዕና ዓርብን እንደማያውቅ በዚህ አጋጣሚ ማስታወስ አይከፋም።) በምላሹ ቤቱ የተጫዋቹን ልማድ ያውቃል፦ መቼ እንደሚመጣ፣ ምን ያህል እንደሚቈይ፣ መቼ እንደራቀ። ሃራስ የተባለው የካዚኖ ድርጅት በ1997 እ.ኤ.አ. በልዩ ልዩ ከተሞች ያሉትን ቤቶቹን በአንድ የደንበኛ ካርድ ካገናኘ ወዲህ ይህ አሠራር እጅግ ተስፋፋ። ከሁለት ወር በላይ ሳይመጣ የቈየ ሰው በፖስታ ሣጥኑ «ናፍቀንሃል» የሚል ጥሪና የነጻ ማደሪያ ኩፖን ቢያገኝ በአጋጣሚ አይደለም።

የሰው ልብ በዚህ የሚያዝበት ምክንያት አለው። አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ስኪነር በእርግቦች ላይ ባደረገው ጥናት፣ ምግቡ መቼ እንደሚመጣ የማትታወቅላት እርግብ ማንኳኳቷን በቀላሉ እንደማትተው አሳይቷል። ሽልማቱ ዘወትር ቢመጣ ልብ ይጠግባል፤ ፈጽሞ ባይመጣ ተስፋ ይቈርጣል። አልፎ አልፎ ሲመጣ ግን ያስራል።

በኢንተርኔት የሚጫወቱትም ከዚህ አያመልጡም። «100 ዶላር ብታስገባ 100 እንጨምርልሃለን» ይባላል፤ የተጨመረው ግን የሚለቀቀው ተጫዋቹ ብዙ ተጫውቶ ለቤቱ ብዙ ድርሻ ከከፈለ በኋላ፣ ያውም በጥቂት በጥቂቱ ነው። ቀነ ገደቡ ካለፈ ይቀራል።

ቤተ ክርስቲያን በዚህ ጉዳይ የቆየ ድምፅ አላት። በሐዋርያት ስም ከሚጠሩት ቀኖናት በግሪኩ አቈጣጠር 42ኛው ኤጲስ ቆጶስን፣ ቄስንና ዲያቆንን፣ 43ኛው ደግሞ ከእነርሱ በታች ያሉትን አገልጋዮችና ምእመናንን ከቁማርና ከስካር እንዲታቀቡ ያዝዛሉ። አንዳንዶች «ማትያስም በዕጣ ተመርጧል» ይላሉ፤ ነገር ግን በዚያ ዕጣ የማንም ንብረት ወደ ሌላው አልተላለፈም፤ የተጣለውም ከጸሎት በኋላ ለአገልግሎት ነው። በመስቀሉ ሥር በጌታ ልብስ ላይ የተጣለው ዕጣ ግን የሌላውን ለመውሰድ ነበር።

ከዚህ ልማድ መውጣት ለሚፈልግ ሰው ከንስሐ አባቱ ጋር ከሚያደርገው ምክር ጎን ለጎን የሚጠቅመው ተግባራዊ ነገር አለ። የኔቫዳ የቁማር ቁጥጥር ደንብ፣ አንድ ደንበኛ ብድር እንዳይሰጠው፣ ቼክ እንዳይመነዘርለትና የማስታወቂያ ደብዳቤ እንዳይላክለት ራሱ የሚጠይቅበት አሠራር ቤቶቹ እንዲኖራቸው ያስገድዳል። ጥያቄው ካርዱ በወጣበት በእያንዳንዱ ቤት በየራሱ ሊቀርብ ይገባል፤ ባለቤቱ ወይም ባለቤቷ አብረው ቢሄዱ መልካም ነው። የተጠራቀመ ነጥብ ካለ «እርሱን ጨርሼ ልተወው» ማለት ግን ወደዚያው ወንበር መመለስ ስለሆነ ነጥቡ በካርዱ ላይ እንዳለ ይቅር። ጥሪው መቋረጡንም በሚቀጥሉት ወራት የፖስታ ሣጥኑን በመክፈት ማረጋገጥ ይቻላል።